የኮርማው ፎቶግራፍ ስንት ያወጣል?

የቁም እንስሳት ንግድ ዛሬ ከገበያው አጥር በፊት በስልክ ይጀመራል። ሞያሌ፣ ባቢሌ ወይም መተማ ላይ የተሰበሰበ መንጋ ገና መኪና ላይ ሳይጫን ምስሉ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ጅቡቲ፣ በርበራና ጅዳ ይደርሳል። ላኪዎችም የአረፋ ሰሞን ሲቃረብ ባነር ያሠራሉ፤ የቀን መቁጠሪያም ያሳትማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶግራፉ የማን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ጥያቄው በሁለት በኩል ይመጣል። አንዳንዴ ነጋዴው የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ይፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ የመኖ አቅራቢ ነጋዴው ራሱ ያነሳውን የቦረና ኮርማ ምስል በከረጢቱ ላይ ማተም ይፈልጋል። በሁለቱም በኩል ሳይነጋገር የተስማማ ይከስራል።

ማዋስና መሸጥ

የፎቶግራፍ ፈቃድ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከራሳችን ሙያ መውጣት አያስፈልግም። ኮርማውን ለጎረቤት ላሞች ለአንድ ወቅት ያዋሰ ሰው ኮርማውን አልሸጠም። ወቅቱ ሲያልቅ ወደ በረቱ ይመልሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ይሰጠዋል። ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ምስሉን ለተወሰነ ሥራ፣ ለተወሰነ ጊዜ መስጠት ነው። መብቱን ጠቅልሎ መሸጥ ግን ኮርማውን ከነገመዱ ማስረከብ ነው። የሁለቱ ዋጋ አንድ ሊሆን አይችልም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት ፎቶግራፍ ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ ለ25 ዓመት ጥበቃ አለው። ከፍለው ያስነሱት ፎቶግራፍ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የእርስዎ የአሠሪው ነው። የኬንያም ሕግ በዚህ ይቀራረባል። ሌላ ሰው በራሱ ፍላጎት ገበያ ገብቶ ያነሳው ግን የእርሱ ነው። ኮርማው የእርስዎ መሆኑ ፎቶግራፉን የእርስዎ አያደርገውም።

«ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው» የሚለውም መልስ አያዋጣም። እረኛው አጠገቡ ስላልቆመ በጉ የአግኚው አይሆንም። ጌቲ ኢሜጅስና ሹተርስቶክን የመሳሰሉ ድርጅቶች ምስል ሲሸጡ «ሮያልቲ ፍሪ» የሚሉት በነጻ ማለት አይደለም፤ አንዴ ከፍሎ በተፈቀደው ልክ ደጋግሞ መጠቀም ማለት ነው። «ለዜና አገልግሎት ብቻ» የተባለውን ምስል ደግሞ ለማስታወቂያ ማዋል አይቻልም።

ዋጋው በምን ይሰላል?

ከብት በክብደቱ፣ በዕድሜውና በወቅቱ እንደሚገመት ሁሉ ምስልም መመዘኛ አለው። የት ይታተማል? በስንት ቅጂ? በየትኛው አገር? ለስንት ጊዜ? ሌላ ሰውስ ሊጠቀምበት ይችላል ወይስ ለብቻ ነው? ፎቶ አንሺው አዲስ ምስል እንዲያነሳ ከተጠራ የቀን አበሉና ትራንስፖርቱ ለብቻው ይታሰባል።

ለስሌት ማሳያ ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ምስል በኢትዮጵያ ውስጥ፣ ለአንድ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ 5,000 ብር ተስማሙ እንበል። ጅቡቲና ኬንያ ሲጨመሩ ግማሹን ቢጨምሩ 7,500 ብር ይሆናል። «ለእኔ ብቻ ይሁን» ካሉና ባለቤቱ እጥፍ ከጠየቀ 15,000 ይደርሳል። ምስሉ ያው ነው፤ የተገዛው መብት ግን ሦስት እጥፍ ዋጋ አወጣ። ስለዚህ ሲከራከሩ ዋጋውን ብቻ አይጎትቱ፤ የማያስፈልግዎትን መብት ይቀንሱ። የቀን መቁጠሪያ ለሚያድል ላኪ የብቻነት መብት ብዙ ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው።

ሻጩ እርስዎ ሲሆኑ ደግሞ በይሉኝታ «ውሰደው» አይበሉ። የመኖ አቅራቢው የራሱን ፎቶ አንሺ ሞያሌ ድረስ ቢልክ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለቀን ሥራ ስንት ያወጣ ነበር? ድርድሩን ከዚያ ይጀምሩ። ከረጢቱ በስንት ብዛት እንደሚታተምም ይጠይቁ፤ አንድ ሺህና አንድ መቶ ሺህ ከረጢት አንድ ዋጋ የላቸውም።

ሰው ያለበት ፎቶግራፍ

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ከግመሎቹ ጋር የቆመው አርብቶ አደር ፊቱ ከታየ የፎቶ አንሺው ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተጨምሯል። ድንበሩን ሲሻገሩ ቅጣቱ ቀልድ አይደለም፤ የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የናይሮቢ መዝናኛ ቤት የደንበኛውን ምስል ያለ ፈቃድ በማኅበራዊ ሚዲያ በመለጠፉ 1.85 ሚሊዮን ሽልንግ ቀጥቶታል።

ከሕጉም በላይ ነገሩ የጉርብትና ነው። ፊቱን ሳያውቅ ከረጢት ላይ ያገኘ አባወራ በሚቀጥለው ገበያ መንጋውን ለሌላ ነጋዴ ቢነዳ አይፈረድበትም። ምስሉ የት እንደሚወጣ በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ይሁን በሶማልኛ፣ ይንገሩት። ያስፈርሙት፤ የድርሻውንም ይክፈሉት።

አንድ ገጽ ይበቃል

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። የባለቤቱና የተጠቃሚው ስም፣ የምስሉ ቅጂ፣ የሚውልበት ሥራ፣ አገሮቹ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የቅጂው ብዛት፣ ክፍያውና የአከፋፈሉ ጊዜ፣ የፎቶ አንሺው ስም አብሮ ስለመጻፉ፣ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ስለመቻሉ ይገለጽ። ሁለቱም ይፈርሙ፤ ቅጂው በሁለቱም እጅ ይቅር።

ፈቃድ ያለው ምስልም ቢሆን ለሽያጭ የቀረበውን መንጋ የማይመስል ከሆነ አይጠቅምም። የሰባ የቦረና ሰንጋ በፎቶ አይቶ ወደብ ላይ ኮስማና ጥጃ የተረከበ ገዢ ዋጋ ይቀንሳል፤ አለዚያም ሁለተኛ አይመለስም።