ከአንጀት ሕመም ጋር የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም

ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ ብዙ ሰው "ብርድ ነው" ወይም "ሪህ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም የሆድ ቁርጠት ያለበት ሰው ግን ሕመሙ ከአንጀቱ ጋር የተያያዘ ሊኾን ይችላል።

ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይትስ የሚባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነቶች ከሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት መዛባት ጋር የተያያዙ ናቸው። ከአንጀት ውጭ ከሚያስከትሏቸው ችግሮች በብዛት የሚታየው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። የትላልቅ መገጣጠሚያዎች እብጠት ብዙውን ጊዜ አንጀቱ ሲታመም ይነሳል፤ ሲሻለውም ይቀንሳል። የአከርካሪ አጥንት ሕመም ግን አንጀቱ ቢድንም ሊቀጥል ይችላል። ጠዋት ወገብን አስሮ ይይዛል፤ በእንቅስቃሴ ይላላል።

እንደ ዳይክሎፌናክ እና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ያለሐኪም ትዕዛዝ መውሰድ የአንጀቱን ሕመም ሊያባብስ ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ ቲቢን ይመለከታል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ከተመሠረተ ጀምሮ ስሙ ከሥጋ ደዌ፣ በኋላም ከቲቢ ሕክምና ጋር ይነሳል። ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይኾን አንጀትንና መገጣጠሚያንም ያጠቃል፤ የአንጀት ቲቢ ምልክቱም ከክሮንስ ጋር ይመሳሰላል። ለክሮንስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንሱ፣ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለመገጣጠሚያ ሕመም ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው የሆድ ሕመም ካለበት ሁለቱንም ለሐኪሙ አብሮ መንገር ይኖርበታል።