የግዕዝ ፊደልና የዐረብኛ ጽሕፈት በአንድ የጥናት ካርድ ላይ፦ ከ«ሱቅ ዐረቢ» ቃላት የተወሰዱ ምሳሌዎች

1. መነሻ

የካርቱም ማእከላዊ ገበያ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሱቅ ዐረቢ» ተብሎ ይጻፋል። የስሙ የመጀመሪያ ቃል ለቋንቋ ተማሪ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዞ ይቀርባል። በዐረብኛ ጽሕፈት የቃሉ መድረሻ «ቃፍ» የተባለው ፊደል ነው። በሱዳን የዕለት ንግግር ግን ይህ ፊደል በአብዛኛው እንደ «ግ» ስለሚነበብ ቃሉ «ሱግ» ይባላል። በአማርኛ ደግሞ «ሱቅ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ቢሆንም ትርጉሙ ጠብቦ አንድን የንግድ ቤት ብቻ ያመለክታል፤ የዐረብኛው ፍች ግን «ገበያ» ነው። አማርኛ «ሱቅ» የሚለውን ዐረብኛ «ዱካ፟ን» ይለዋል።

ስለዚህ ይህን ቃል በማስታወሻ ካርድ ላይ ለማስፈር የዐረብኛው አጻጻፍ፣ የሱዳኑ አነባበብና የአማርኛው ፍች ሳይቀላቀሉ መታየት አለባቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ንጽሕና በምን እንደሚጠፋና በምን እንደሚጠበቅ ማስረዳት ነው። ምሳሌ የምናደርገው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውንና በቋንቋ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀውን አንኪ የተባለ ሶፍትዌር ነው። በአንኪ አንድ መዝገብ በመስኮች ይከፈላል፤ መስኮቹ በካርዱ ላይ የሚሰለፉበትን ሥርዓት አብነቱ ይወስናል፤ የፊደሉን ዓይነት፣ መጠንና ቀለም ደግሞ ከአብነቱ ጋር የሚቀመጠው የቅርጽ መግለጫ ይወስናል። ክርክራችን አጭር ነው፦ ትርጉም ያለው ነገር ሁሉ በፊደልና በመስክ ይያዝ፤ ለዓይን ብቻ የሚሆነው በአብነትና በቅርጽ መግለጫ ይያዝ።

2. የአቅጣጫ ጉዳይ

የዩኒኮድ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል የአቅጣጫ ጠባይ ይሰጣል። የግዕዝ ፊደላት ከግራ ወደ ቀኝ፣ የዐረብኛ ፊደላት ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄዱ ጽኑ ፊደላት ናቸው። ባዶ ቦታ፣ እዝባር፣ ቅንፍና የመሳሰሉት ግን የራሳቸው ጽኑ አቅጣጫ ስለሌላቸው አቅጣጫቸውን ከጎረቤቶቻቸውና ከአንቀጹ ይወስዳሉ። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የነጠላና የብዙ ቁጥር ነው። የዐረብኛው «ሱቅ» ብዙ ቁጥር «አስዋቅ» ነው። ሁለቱን በዐረብኛ ፊደል በአንድ መስክ ጽፈን በእዝባር ብንለያቸው፣ ካርዱም ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ቢሆን፣ ነጠላው በቀኝ፣ ብዙው በግራ ይታያል። ከእያንዳንዱ ቃል ቀጥሎ የአማርኛ ፍቹን በቅንፍ ብናስገባ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና ነጠላው በግራ ይሆናል። የጻፍነው ቅደም ተከተል አልተለወጠም፤ የተለወጠው እይታው ነው። ሆኖም ሁለቱንም ካርዶች በአንድ ዓይነት ልማድ የሚያነብ ጀማሪ በአንደኛው ላይ «አስዋቅ»ን ነጠላ አድርጎ ያጠናል። ካርዱ በየጊዜው እየተመላለሰ ስለሚቀርብ ስሕተቱም ከትክክሉ እኩል ሥር ይሰዳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዋጋ ነው። አንድ ዕቃ ከ500 እስከ 600 ፓውንድ ያወጣል እንበል። ሁለቱን ቁጥሮች በተለመደው አኃዝ ጽፈን በመካከላቸው ጭረት ብናኖር፣ ከቁጥሩ በፊት የዐረብኛ ቃል ካለ 500 በቀኝ፣ 600 በግራ ይሰለፋል። ከቁጥሩ በፊት ቃል ከሌለ ወይም አማርኛ ከሆነ ግን 500 በግራ ይቀራል። ይህን ለማስወገድ ታችኛውንና ላይኛውን ዋጋ በየራሱ መስክ መጻፍ፣ አለዚያም ጭረቱን በ«ከ» እና በ«እስከ» አቻ ቃላት መተካት ይበቃል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ መልካም ዜና አለው። «ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄድ አንቀጽ ውስጥ ብናስገባው የላቲኑ የጥያቄ ምልክት ከዓረፍተ ነገሩ መድረሻ ሸሽቶ ከ«ስንት» በስተግራ ይቆማል። «ስንት ነው፧» ብለን በግዕዙ ምልክት ብንጽፈው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ምክንያቱም ዩኒኮድ ለግዕዝ ሥርዓተ ነጥቦች፣ ለ«፡»፣ ለ«።»፣ ለ«፤» ጭምር፣ የፊደላቱን ያህል ጽኑ የግራ ወደ ቀኝ አቅጣጫ ሰጥቷቸዋል። በሁለት ጽሕፈት ካርድ ላይ የአገሩን ነጥብ መጠቀም የባህል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የሥርዓት ዋስትናም ነው።

መፍትሔው አቅጣጫን በግልጽ ማወጅ ነው። በአንኪ የመስክ ቅንብር ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለመጻፍ የሚያስችል ምርጫ አለ፤ ነገር ግን ምርጫው የሚመለከተው የመጻፊያውን ገጽ ብቻ ነው። በካርዱ ላይ እንዲሠራ የዐረብኛው መስክ በአብነቱ ውስጥ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት አቅጣጫው እዚያው መጻፍ አለበት። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከል የሚገባ የዐረብኛ ቃል ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኒኮድ 6.3 የገቡት የመነጠያ ምልክቶች ቃሉ ጎረቤቶቹን እንዳይነካ ያደርጋሉ።

3. ጥብቀትና የፊደል ዓይነት

በዐረብኛ «ሐማም» ርግብ፣ «ሐማ፟ም» የመታጠቢያ ቤት ነው። ልዩነቱ በጥብቀት ብቻ ስለሆነ አነባበቡን በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው የጥብቀት ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱ በዩኒኮድ ራሱን የቻለ ቦታ አለው፤ ከሚጠብቀው ፊደል በኋላ ይተየባል፤ ከፊደሉ በላይ ይታያል። አንዳንድ ፎንት ግን ምልክቱን አያውቀውም፤ በቦታው ባዶ ሳጥን ያሳያል ወይም ምልክቱን ከፊደሉ አርቆ ያስቀምጠዋል። እንደ «አቢሲኒካ» ያለ ምልክቱን የሚያውቅ ፎንት በኮምፒውተር ላይ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ካርዱ በስልክ ሲከፈት ፎንቱ እዚያ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የፎንቱን ፋይል ከስብስቡ የሚዲያ ማኅደር ጋር ማስቀመጥና በቅርጽ መግለጫው መጥራት ይገባል። የፋይሉ ስም በሥር ሰረዝ ከጀመረ ሶፍትዌሩ ጥቅም ላይ ያልዋለ ፋይል ነው ብሎ አያስወግደውም።

ከዚህ የሚከፋው ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈ የቆየ የቃላት ዝርዝር ነው። በእነዚያ ፎንቶች የግዕዙ ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጠ ስለነበር ፎንቱ ሲነሣ የሚቀረው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ወደ ካርድ ከመግባቱ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

4. ይዘትን ከቅርጽ መለየት

ከድረ ገጽ ወይም ከሰነድ ተቀድቶ የሚለጠፍ ጽሑፍ መጠኑን፣ ፎንቱንና ቀለሙን ይዞ ወደ መስኩ ሊገባ ይችላል። በመስኩ ውስጥ የተቀበረው ቅርጽ ደግሞ የአብነቱን ትእዛዝ ይሽራል። ጥቁር ቀለም ይዞ የገባ ቃል በሌሊት ገጽታ ከጥቁሩ ዳራ ጋር ተመሳስሎ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ሁልጊዜ ቅርጹን ጥሎ ጽሑፉን ብቻ በሚያስቀረው የአለጣጠፍ ስልት መጠቀም ይመረጣል።

ለሥነ ልሳን ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የቃሉን ሥርወ ፊደላት በቀለም ወይም በደማቅ ጽሕፈት መለየት የተለመደ ነው። ይህ ግን ትንታኔን በቅርጽ መያዝ ነው፤ ስብስቡ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲወጣ ትንታኔው ይጠፋል። ሥርወ ቃሉ የራሱ መስክ ይሰጠው።

5. ማጠቃለያ

ለ«ሱቅ ዐረቢ» ቃላት የሚበቃ መዝገብ አምስት መስኮች አሉት፦ የዐረብኛ ነጠላ፣ የዐረብኛ ብዙ፣ ሥርወ ቃል፣ የሱዳን አነባበብ በግዕዝ ፊደል፣ የአማርኛ ፍች። ካርዱ በኮምፒውተርና በስልክ፣ በቀንና በሌሊት ገጽታ ይፈተሽ፤ በመጨረሻም ስብስቡ ወደ ተራ ጽሑፍ ወጥቶ ይነበብ። በዚህ ጊዜ የጠፋ ትርጉም ካለ ያ ትርጉም በተሳሳተ ቦታ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩ ከተማሪው ምቾት ያልፋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም በተነሣው ጦርነት የከተማዪቱ መካከል የውጊያ ቦታ ሆኖ፣ በገበያው ዐረብኛና አማርኛ ሲያገናኙ የኖሩ ሰዎች ተበትነዋል። ለጥናት ተብሎ በካርድ የተያዘ የገበያ ቃል ነገ የአነጋገሩ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ የሚሆነው ግን ፎንቱ ሲለወጥም፣ ቀለሙ ሲወገድም፣ ሶፍትዌሩ ሲቀርም ነጠላው ነጠላ፣ ብዙውም ብዙ ሆኖ የሚነበብ ከሆነ ነው።