ምክትሉ አውሮፕላኑ ላይ አልነበረም

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 ሙኒክ ላይ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ 23 ሰዎች ሲሞቱ ስምንቱ የማንቸስተር ዩናይትድ ተጨዋቾች ነበሩ። አሰልጣኙ ማት በዝቢም ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኛ። ታዲያ ክለቡን ማን ይምራው?

ምክትሉ ጂሚ መርፊ! መርፊ ቤልግሬድ ያልሄደው ግን ክለቡ «ሁለቱ አለቆች በአንድ አውሮፕላን አይሳፈሩ» ብሎ አስቦበት አይደለም። ዌልስንም ያሠለጥን ስለነበር በዋዜማው ካርዲፍ ላይ ከእስራኤል ጋር ጨዋታ ነበረበት። ዕድል በሉት።

በ13ኛው ቀን ለኤፍኤ ካፕ ሼፊልድ ዌንስዴይን ገጠሙ። ለተመልካቹ በተሸጠው የጨዋታ ፕሮግራም ላይ የዩናይትድ ተጨዋቾች ስም ቦታ ባዶውን ነው የታተመው፤ ማን እንደሚሰለፍ አይታወቅማ! ስታን ክራውዘር ከአስቶንቪላ መጥቶ የፈረመው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። በዚያው ውድድር ለቪላ ስለተጫወተ ደንቡ ይከለክለው ነበር፤ ፌዴሬሽኑ ግን በልዩ ሁኔታ ፈቀደለት።

ዩናይትድ 3ለ0 አሸነፈ። ሁለቱን ጎል ያገባው ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ሺመስ ብሬናን ነው። ክለቡ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነገር ነበረ ከተባለ ይኸው ነው፤ መርፊ ራሱ ለዓመታት ያሠለጠናቸው ተጠባባቂዎችና ታዳጊዎች።

ሜይ ላይ ዌምብሌይ ደርሰው በቦልተን 2ለ0 ተሸነፉ። በዝቢ በምርኩዝ ተደግፎ ጨዋታውን ተከታትሏል።