የሉል ጠላቂው ዕዳ

ሱረቱ አር-ረሕማን ከባሕር የሚወጣውን ሉል ያነሳልናል። ለመሆኑ ማን ያወጣው ነበር?

እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የብዙዎች እንጀራ የሉል ጠለቃ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋና በድንጋይ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ትንፋሹን ይዞ ዛጎል ይለቅማል፤ ገመዱን ሲነቀንቅ ጀልባው ላይ ያለው ጓደኛው ጎትቶ ያወጣዋል። በሙቀቱ ወራት በቀን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይደረግ ነበር። ጆሮው የደነቆረ፣ ዓይኑ የታመመ፣ ሰጥሞም የቀረ አለ። ከሐበሻ ምድር በባርነት የተወሰዱም ከነርሱ ጋር ጠልቀዋል።

ከባሕሩ የከፋው ግን ዕዳው ነበር። ጠላቂው ለቤተሰቡ ቀለብ ከጀልባው አለቃ ይበደራል፤ ሒሳቡን የሚይዘውም አለቃው ነው። አባት ሲሞት ዕዳው ለልጅ ይተርፍ ነበር። በባሕሬን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሒሳብ ደብተር እንዲኖረው ተደነገገ።

ሱረቱል በቀራ ግን ዕዳ እንዲጻፍ፣ የሚያስጽፈውም ባለዕዳው እንዲሆን አስቀድማ አዛለች። እኛስ? የቤት ሠራተኛችንንና የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ የያዝነው ብቻችንን ነውን? ዛሬውኑ ፊት ለፊታቸው እንጻፈው። አላህ ሐቅን ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።