የእንግሊዝ መርማሪዎችና ሆላንድ፦ ቫን ደር ቫልክ እና ዳኛ ዲ ከየት መጡ?

 

የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ድራማ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሼርሎክ ሆምስ ወይም ፖይሮት ነው። ሁለቱም መጀመሪያ ልብወለድ ነበሩ። እኛ ከምንኖርበት አገር የተነሱ ሁለት ድራማዎች ግን አሉ፣ የኋላ ታሪካቸው ደግሞ ለስደተኛ የሚናገረው ነገር አለው።

የመጀመሪያው «ቫን ደር ቫልክ» ነው። የአምስተርዳም ፖሊስ ነው፣ የሚናገረው ግን እንግሊዝኛ! ፈጣሪው ኒኮላስ ፍሪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ለንደን የተወለደ፣ በአውሮፓ ሆቴሎች ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። አምስተርዳም ውስጥ ምግብ ሰርቀሃል ተብሎ ታሰረ፤ መጻፍ የጀመረውም እዚያው እስር ቤት ነው። በ1962 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ የሚተርከው በግድያ ስለተጠረጠረና በፖሊስ እጅ ስላለ ሰው ነው። ለዚህ ነው መጽሐፉ ከመርማሪው ይልቅ በተጠርጣሪው ዓይን የሚያየው። ተጠርጥሮ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ደራሲው ያውቀዋላ!

በ1972 የእንግሊዙ ቴምስ ቴሌቪዥን ታሪኩን ድራማ አደረገው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ፍሪሊንግ መርማሪውን በመጽሐፉ ውስጥ ገደለው። መጽሐፉ ላይ ሞቶ ቴሌቪዥን ላይ ኖረ ማለት ነው። የመክፈቻ ሙዚቃው በ1973 በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ፤ የደረሰውም ሆላንዳዊ ነበር። በ2020 አዲስ ተዋናይ ይዞ ተመልሷል።

ሁለተኛው «ዳኛ ዲ» ነው። ይሄኛው እውነተኛ የድሮ ዘመን ድራማ ነው፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በታንግ ሥርወ መንግሥት ስለኖረ ቻይናዊ ዳኛ። ደራሲው ሮበርት ቫን ጉሊክ የሆላንድ ዲፕሎማት ሲሆን በ1967 ዴን ሃግ ውስጥ ነው ያረፈው። አንድ የድሮ የቻይና የምርመራ ልብወለድ ተርጉሞ በ1949 ቶኪዮ ላይ አሳተመ፤ ከዚያ የራሱን ተከታታይ መጻሕፍት ጻፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ቻይናውያንና ጃፓናውያን ከምዕራብ የተተረጎመ ርካሽ የወንጀል ታሪክ ሲያነቡ አይቶ «የራሳችሁ የተሻለ አላችሁ» ለማለት ነው።

ግን ዝም ብሎ አልገለበጠም። በድሮው የቻይና ታሪክ ወንጀለኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ደበቀው። ሦስት ክሶች ባንድ ጊዜ መያዙን ደግሞ ከድሮው ወሰደ። በ1969 ግራናዳ ቴሌቪዥን ድራማውን ሲሠራ ዳኛ ዲ የሆነው እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር። ቻይናውያን ራሳቸው ከቫን ጉሊክ መጻሕፍት ተነስተው የሠሩት ድራማ በኔትፍሊክስ የመጣው በ2024 ነው። ታሪኩ ዞሮ ዞሮ አገሩ ገባ።

እንግዲህ ለእኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛም አገር እኮ ምርመራ ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የሚቀመጥበት አውጫጭኝ (አፈርሳታ) ነበረን። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየመራ ሌባ የሚፈለግበት ሌባ ሻይም ነበር። ልጁ ንጹሕ ሰው ደጃፍ ላይ ቢወድቅስ? አውጫጭኝ ላይ እያወቀ በፍርሃት ዝም የሚል ቢኖርስ? ድራማው እኮ እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው!

ቫን ጉሊክ የሰው አገር ታሪክ አክብሮ ጻፈ፣ ጥሩ አደረገ። ፍሪሊንግም ወጥ ቤት እየሠራ ያያትን ከተማ ጻፈ። ዛሬ በአምስተርዳምና በሮተርዳም ወጥ ቤቶች የሚሠራ ወገን ስንት ታሪክ ይዞ ይሆን? የኛን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪጽፈው መጠበቅ የለብንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ያሰማን!