ያውቁ ኖሯል? የጣራዎ ውሃ ስንት ጄሪካን ይሆናል?

አዊ ዝናብ የተነፈገ አገር አይደለም። እንጅባራ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ዳንግላ ደግሞ ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛሉ። የአዲስ አበባው 1,200 ገደማ ነው። ሆኖም መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ባዶ ጄሪካን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ አይጠፋም። ችግሩ ሰማዩ ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሌላ ቀመር አያስፈልግም። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰ የዳንግላ ቤት፣ ተረጭቶና ተንኖ የሚጠፋውን አንድ አምስተኛ ቀንሰን እንኳ፣ በዓመት 64,000 ሊትር ያወርዳል። በ20 ሊትር ጄሪካን ቢቀዳ 3,200 ጄሪካን ይሞላል።

ያውቁ ኖሯል? ይኸው ጣራ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለመሙላት 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃዋል። በሐምሌ ይህን ያህል አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ሊወርድ ይችላል።

ጠፈጠፍ መቀበል ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ደመናው ሲጠቁር ሳፋው፣ ባልዲው፣ አንዳንዴም ድስቱ ሳይቀር ከጣራው ጠርዝ ሥር ይደረደራል። ዶፉ ሲመጣ ሳፋው በደቂቃዎች ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መሬቱን ቦርቡሮ፣ ጭቃውን በግድግዳው ላይ እየረጨ፣ የቤቱን መሠረት እየሸረሸረ ይሄዳል። አሸንዳና ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ያለው ሰው ውሃውን ብቻ አይደለም የሚያተርፈው፤ ግድግዳውንም ነው።

ያውቁ ኖሯል? አሸንዳ የግድ ከቆርቆሮ መሠራት የለበትም። የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው። ወፍራም ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ የውስጡ አንጓ ሲነሳ ውሃ ያወርዳል። እንደ ቆርቆሮ ዓመታት አይቆይም፤ ለመጀመር ግን ይበቃል።

ያውቁ ኖሯል? በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ዝናቡን የሚለኩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሥራው የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የውሃ አያያዝ ተቋም ተመራማሪዎች ጋር ነው። አንድ ፈቃደኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን አይቶ ቁጥሩን በደብተሩ ያሰፍር ነበር። ሌሎች የክልቲንና የብራንቲን ወንዞች የውሃ ከፍታ ይመዘግቡ ነበር። በጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ደግሞ በየሁለት ቀኑ ይለካ ነበር።

ገበሬ የመዘገበው ቁጥር ያስተማምናል ወይ? ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ጠይቀው መዝገቡን ከሜትዎሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ጋር አስተያይተውታል፤ ከሳተላይት ከሚገኘው የዝናብ ግምትም ጋር አወዳድረውታል። የነዋሪዎቹ ቁጥር ከሳተላይቱ ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የውሃ ሳይንስ መጽሔት ታተመ። የዳንገሽታ ሰዎች ያደረጉትን የዳንግላና የእንጅባራ የከተማ ቀበሌዎች የማያደርጉበት ምክንያት አይታየኝም። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ፣ ማስመሪያና ደብተር ካለ ይጀመራል።

መዝገቡ ለምን ይጠቅማል? የማጠራቀሚያውን መጠን የሚወስነው የዝናቡ ብዛት ሳይሆን ዝናብ የሌለባቸው ቀናት ርዝመት ስለሆነ ነው። በዳንግላ ከዓመቱ ዝናብ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። የቀረው ግማሽ ዓመት የሚያልፈው በተጠራቀመው ነው።

ያውቁ ኖሯል? 5,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሁሉም ነገር ከዋለ (በቀን 100 ሊትር ብንል) በ50 ቀን ያልቃል። ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ከተያዘ ግን (በቀን 25 ሊትር) 200 ቀን ይቆያል። በጋውን አልፎ ይተርፋል ማለት ነው። ልብሱን በሌላ ውሃ እጠቡ፤ የጣራውን ለሚጠጣው አስቀምጡ። እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ሮቶው የሚሞላበት ጊዜም ወሳኝ ነው። በሐምሌ የገባውን ውሃ በክረምቱ እየተጠቀሙ ይጨርሱት። ታንኩን ካጠቡ በኋላ ለበጋ የሚቀመጠውን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ይሙሉ። ለ50 ካሬ ሜትር ጣራ 125 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃል።

ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያው ዝናብ የጣራ እጥበት ነው። የወፍ ኩስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የማገዶ ጥላሸት የሚወርደው ያኔ ነው። ለ50 ካሬ ሜትር ጣራ ቢያንስ የመጀመሪያውን 25 ሊትር ወደ ውጭ ይልቀቁ። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሚጠጣውን ያፍሉ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ያክሙ። ብርሃን የሚያስገባ ታንክ ውስጥ አልጌ ስለሚበቅል ጥቁሩ ይመረጣል።

ያውቁ ኖሯል? ክዳን የሌለው ውሃ በሽታ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው የትግራይ ጥናት፣ በትንንሽ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። የጥናቱ መሪ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ቴዎድሮስ አድኃኖም ናቸው። በርሜል ግድብ አይደለም፤ ትንኝ ግን ለመራባት የሚበቃት ትንሽ ውሃ ነው። መግቢያውን በወንፊት፣ አፉን በክዳን ይዝጉ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ በዘመቻ የተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ አልዘለቁም። ውሃው ሰረገ፣ የተነጠፈው ፕላስቲክ ተቀደደ፣ ትንኝ በዛ። ሥራው ከላይ በኮታ ሲወርድ ጥገናውን የራሴ የሚል ሰው ይታጣል። ለዚህ ነው ነዋሪው ራሱ የጀመረውን የማምነው።

ያውቁ ኖሯል? ዝናብ ማጠራቀም በኢትዮጵያ ሥሩ ጥልቅ ነው። አክሱም ከዓለት የተፈለፈለው የማይ ሹም ኩሬ አላት። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ሐርዳ የሚባሉ ኩሬዎችን ያካትታል። በሶማሌ ክልል ደግሞ ብርካ የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ አለ።

ያውቁ ኖሯል? በህንዷ ቼናይ ነገሩን ካንቀሳቀሱት አንዱ በር እያንኳኳ የሚያስረዳ ነዋሪ ነው። የፊዚክስ ምሁሩ ሴካር ራጋቫን የባሕር ጨው የጉድጓዳቸውን ውሃ ሲያሰጋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰፈራቸው ቤት ለቤት መቀስቀስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዝናብ ማዕከል የተባለ ማሳያ ተከፈተ፤ በ2003 የታሚል ናዱ ግዛት የዝናብ ውሃ መያዝን ለሕንፃዎች ሁሉ ግዴታ አደረገ። በዚያ አብዛኛው ውሃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ይደረጋል። በግቢዎ ጉድጓድ ካለዎት ከታንኩ የተረፈውን ከመጸዳጃ ቤት ርቆ በጠጠርና በአሸዋ በተሞላ ጉድጓድ ያስርጉት። የሚጠጣው ጉድጓድ ውስጥ በቀጥታ እንዳይለቁት።

ቶኪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው የሱሞ ትግል አዳራሽ ከጣራው የሚወርድ እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር የዝናብ ውሃ በምድር ቤቱ ይይዛል፤ መጸዳጃ ቤቶቹም በዚሁ ይታጠባሉ። በብራዚል ደረቅ ሰሜን ምሥራቅ የሕዝብ ማኅበራት ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረው መርሐ ግብር ለቤተሰቦች 16,000 ሊትር የሚይዙ ከሚሊዮን በላይ ማጠራቀሚያዎች ተሠርተዋል።

የሮቶ ዋጋ ለአንድ ቤት ከባድ ነው። ዕቁብ ያለው ሰፈር ግን ዕጣ የወጣለት በገንዘቡ ሮቶ እንዲገዛ መስማማት ይችላል። የዕድሩ አዳራሽ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከማንኛችንም ቤት የሰፋ ጣራ አላቸው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ያስይዙ፤ ከዚያ በፊት ግን ሜትር ይያዙና ጣራዎ የሚሸፍነውን መሬት ርዝመትና ስፋት ይለኩ። ሁለቱን ያባዙ፤ ነዋሪነትዎ ዳንግላ ከሆነ በ1,600፣ እንጅባራ ከሆነ በ2,000 ያባዙት፤ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ። የሚያገኙት ቁጥር በየዓመቱ ከደጅዎ የሚፈሰው ሊትር ነው።