የኪራይ ሰርቨር ዲስክ ሲታመም ሕመሙ የት እንዳለ እንወቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ምሳሌው የብዙ ተማሪዎችን ሥራ ለተሸከመው የኪራይ ሰርቨርም ይስማማል። በጃጁራ ገጠር ከሽማግሌዎች የሀዲይሳ ተረት በድምፅ የቀዳ፥ በሆሳዕናም በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ሥራውን በሩቅ ሰርቨር ቢያኖር፥ በቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመሥጋት ይድናል። ነገር ግን ሰርቨሩ አንድ ቀን «ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም» ያለው እንደ ሆነ ምን ያድርግ? ፋይል ቢጠፋ ተረቱን የነገሩት አዛውንት ዳግመኛ ላይገኙ ይችላሉና ነገሩ ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት እንረዳ። ቨርቹዋል ሰርቨር የሚባለው አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች ሲታደል የሚገኘው ድርሻ ነው። ለተከራዩ ሙሉ ዲስክ መስሎ የሚታየውም በአከራዩ ዲስኮች ላይ የተከለለ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከሁለት ወገን ሊመጣ ይችላል፤ ይኸውም ከላይ ካለው የፋይል ሲስተም፥ ወይም ከታች ካለው ከዲስኩ ነው። በእኛ አገር ቆጮ በጉድጓድ ሲበላሽ ባለሙያዋ እናት፥ የተነጠፈው የእንሰት ቅጠል ተቀዶ ነው ወይስ ጉድጓዱ ውኃ አስገብቶ ነው ብላ ትመረምራለች። ውኃ በሚያስገባ ጉድጓድ ላይ ቅጠል ቢለውጡ ድካሙ ከንቱ ነው። የዲስክም ምርመራ ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

1ኛ፤ ሙላቱን ማየት። ማሽኑ «ቦታ የለም» ያለ እንደ ሆነ «ዲኤፍ» በተባለው ትእዛዝ የቀረውን ቦታ እንይ። ቦታ እያለ ይህ ቃል ከመጣ ትእዛዙን «አይ» ከሚለው ምልክት ጋር እንድገመው፤ የአይኖድን ቁጥር ያሳያልና። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ስለሚይዝ፥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎች ቦታው ሳያልቅ አይኖዱን ሊጨርሱት ይችላሉ። ይህ ሙላት እንጂ የዲስክ በሽታ አይደለም።

2ኛ፤ የከርነሉን መዝገብ ማንበብ። በሊነክስ ላይ «ዲመሰጅ» የተባለው ትእዛዝ ይህን መዝገብ ያወጣል። «አይኦ ኤረር» የሚል ቃል ከተገኘ ዲስኩ ራሱ መስጠት ወይም መቀበል አልቻለምና ችግሩ ከታች ነው። የ«ኤክስት 4» ስሕተት ብቻውን ከታየ ግን የፋይል ሲስተሙ መበላሸት ይጠረጠራል። ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ጉዳቱ እንዳይብስ ራሱን ለንባብ ብቻ ይዘጋል፤ ይህ ጥበቃ ነውና በግድ ለጽሕፈት መክፈት አይገባም። ይህ መዝገብ በማስታወሻ ክፍል የሚኖር፥ ሰርቨሩ ዳግመኛ ሲነሣም የሚጠፋ ስለ ሆነ፥ ከማጥፋት በፊት ገልብጦ ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል።

3ኛ፤ የ«ስማርት»ን ወሰን ማወቅ። በቤታችን ኮምፒዩተር «ስማርት» የዲስኩን ጤንነት ይነግረናል። በኪራይ ሰርቨር ውስጥ ግን እውነተኛው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይታይ፥ መልስ አለመገኘቱ የጤንነት ማስረጃ አይሆንም። ይህን ሊመለከት የሚችለው አከራዩ ነው።

ከዚህ በኋላ ሕክምናው ይመጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ሁሉ፥ ቅደም ተከተል የሌለው ጥገና ከበሽታው ይብሳል። አስቀድሞ ሊነበብ የሚችለውን ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ መቅዳት ነው። ቀጥሎ ሰርቨሩን አከራዩ በሚሰጠው የማዳኛ ሥርዓት አስነሥቶ፥ ዲስኩን ሥራ ላይ ሳያውሉ «ኤፍኤስሲኬ»ን በመጀመሪያ «ኤን» በተባለው ምልክት ለመመልከት ብቻ፥ ከዚያም ለመጠገን ማዘዝ ነው። በሥራ ላይ ባለ ዲስክ ላይ መጠገን ደኅናውንም ሊያበላሽ ይችላል። «አይኦ ኤረር» የታየ እንደ ሆነ ግን ጥገናውን ትቶ፥ ቅጂውን እንዳወጡ ስሕተቱ የደረሰበትን ሰዓትና የመዝገቡን ቃል ለአከራዩ በመጻፍ ወደ ሌላ ማሽን እንዲያዛውር መጠየቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ ምርመራ ሁሉ የቅጂን ያህል አያድንም። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ በእሳት ተቃጥሎ፥ ቅጂያቸው ከዋናው ጋር በአንድ ስፍራ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። አከራዩ የሚያነሣው «ስናፕሾት» መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዋናው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ከሆነ አደጋውም አንድ ነው።

እንግዲህ፥ ጓደኞቼ፥ ከመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንድ ቅጂ ከአከራዩ ውጭ ይኑር፤ በየጊዜውም ተከፍቶ ይታይ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።